የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

ሰው መኪናውን ከላይ ያጥባል። ይወለውላል፣ መስታወቱን በጋዜጣ ያሻል፣ ጎማውን ሳይቀር ያስጠቁራል። ከስሯ ያለውን ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አያይም። እኔ የምኖረው በዚህ ስንፍና ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ የመኪና ሆድ ስፍቅ፣ ሳጥብና ካትራም ስቀባ ኖሬያለሁ። በዚህ ሰፈር በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉም «ካትራሙ» ነው የሚለኝ። በዚህ አልከፋም። የሚከፋኝ ሥራዬን ሲነኩብኝ ነው። እርጥብ ጭቃ ላይ ጥቁር ነገር ለቅልቀው «ከዝገት ጠብቀንልሃል» የሚሉ ሞልተዋል፤ ስለነሱ ማውራት ከጀመርኩ የምሳ ሰዓት ያልፋል። ቁጡ ነህ ይሉኛል። ነኝ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ትቆማለች፣ ሆዷ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ አንድ ቀን ሙሉ ትደርቃለች። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ ይዤ ብረቱ እስኪነጣ እፍቃለሁ። ቀጥሎ ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ እሱ ሲደርቅ ካትራሙን። በመሃል ግን ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ከበሮቹ ስር፣ በግራና በቀኝ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት አለ። በመስታወቱ ላስቲክ ሾልኮ በበሩ ውስጥ የሚወርድ የዝናብ ውሃ መጨረሻው እዚያ ነው፤ የሚወጣውም ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ካትራም ከመቀባቴ በፊት በየቀዳዳው የክብሪት እንጨት እሰካለሁ። ሲደርቅ ቆጥሬ እነቅላለሁ። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይህን የተማሩት ከእኔ ነው፤ አንዱን እንጨት ረስቶ የሄደ ሠራተኛም ከእኔ ዘንድ ስድብ ጠግቦ ነው የወጣው።

እንግዲህ ይህን የማውቅ ሰው ነኝ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ አስተማሪ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ባህር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ሲመድቧት አሮጌ መኪናዬን ሰጠኋት። የባህር አየር ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ ብረትን እንደ ብስኩት ያፈረፍረዋል። ሳምንት ሙሉ የሌላ ሰው ሥራ አልያዝኩም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፣ ካትራሙን ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባኋት። እንጨቶቹን የምነቅልበት ሰዓት ሲደርስ ግን ቆም አልኩ። ያ ጨዋማ ንፋስ በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ የልጄን መኪና ከውስጥ ሲበላት ታየኝ። እንጨቶቹን ነቀልኩና አሥራ ሁለቱንም ቀዳዳ በካትራም ደፈንኳቸው። ለማንም አድርጌው የማላውቀውን ለሷ አደረግኩ፤ ያን ቀን ከጉድጓዱ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሸኛትም «ሆዷን ማንም እንዳይነካብሽ፣ እኔ ጨርሼዋለሁ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለእረፍት መጣች። እናቷንም እኔንም ስማ ሳትጨርስ፣ «አባዬ፣ በቀኝ በኩል ጎርባጣ መንገድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ አለ» አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ጓደኞቿን ጭና ልትመለስ ነበር፤ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው። በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት።

ሆዷ ያን ቀን እንደቀባሁት ነበር። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንዲት ስንጥቅ የሌለባት። የድምፁን ነገር ረስቼ ጎረቤቴን በያጁን ጠራሁት፤ ልኩራራበት እኮ ነው። «ና እይ፣ ሦስት ዓመት ጨው ላይ የኖረች ናት» አልኩት። ይህ ሰውዬ በዓመት አሥር ቃል የሚናገር ነው። ወረደ፣ አየ፣ በመዶሻው እጀታ የቀኙን ብረት መታ መታ አደረገው።

«ድምፁ ደስ አይልም» አለ።

«ጆሮህን ታጠብ።»

ካቻቢቴውን አንስቶ ጫን ሲያደርገው እስከ እጀታው ገባ። መልሶ ሲስበው ቡናማ ውሃ ፈሰሰ፤ በጫማችን ላይ ፈሰሰ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ፈሰሰ፣ አላልቅም አለ። ብረቱ ከውስጥ በስብሶ አልቋል፤ መንገድ ላይ ቋ ሲል የነበረውም እሱ ነው። ቅርፁን ይዞ የቆየው የእኔ ካትራም ብቻ ነበር። በያጁ በእጁ እየዳሰሰ ቀዳዳዎቹን ፈለገ።

«ማነው የደፈናቸው?» አለ።

ዓይኔን ወደ ካትራሙ ጣሳ መለስኩ። እሱም ገባው። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገና «ላሜራ ልቁረጥ» ብሎኝ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፣ እኔን ግን እያኮራኝ ነው የወሰደኝ። ሐሳቤ ወዲያው ወደ ማምለጫ ሮጠ፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው። በያጁ እስከ ማታ ይበይደዋል፣ እኔ ከላዩ እቀባዋለሁ፣ ማን ያውቃል? በያጁ እንደሆነ አፉ የተዘጋ ነው። ለልጄ የላላ ብሎን ነበር እላታለሁ። ቁጣዋን ፈርቼ አልነበረም፤ እሷ ተቆጥታ አታውቅም። ለዚህች ልጅ የተማረ አባት አልሆንኩላት፣ ያለኝ እጄ ነው፤ እጄን ማመኗን እንዳላጣ ነው የፈራሁት።

ይህን ሳሰላስል ከላይ ጥላዋ ወደቀብኝ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ምንም አይደል። ብሎን ላልቶ ነው።»

እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ወጣ። እሷ በንጹህ ጫማዋ ደረጃውን ወርዳ አጠገቤ ቆመች። የተበሳውን ብረት አየች፣ መሬቱ ላይ ያለውን ውሃ አየች። አልደነገጠችም።

«ቀዳዳዎቹ ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እዚያ ያለ አንድ መካኒክ ነግሮኛል። ውሃ ቋጥራለች፣ ልክፈትልሽ ብሎኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«እሺ አላልሽውም?»

«አባቴ ነው የሠራው፣ አይነካም አልኩት።»

አፈርኩ፤ ደግሞም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። «እኔን አምነሽ ነው» አልኳት።

«አይ አባዬ፣ ሰውየው እውነቱን እንደሆነ ገብቶኛል። ፍሬን ስይዝ ውሃው ከስሬ ሲንቦጫረቅ እሰማው ነበር።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

ጠቋሚ ጣቷን ካትራሙ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ ነው የመለሰችልኝ። «ከፍቼው ብመጣ ማን ነካብኝ ትላለህ። ልንገርህ ብል ደግሞ... አንዴ በስልክ ጀምሬልህ ነበር እኮ። ‹እሱ ምን ያውቃል› አልክና ዘጋህብኝ።»

አላስታወስኩትም። ስንቱ ላይ እንደዘጋሁ እንጃ፤ ይሄኛውን ከሌላው የምለይበት ምንም አልነበረኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ በሰው ስስቅ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ሁለት ዓመት በበሰበሰ ብረት ላይ ተቀምጣ፣ በገደልና በባህር መሃል ስትመላለስ የኖረችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ለእኔ ከመንገር ያ ቀሏት ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«የሰውየው ስልክ አለሽ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ልትለው ነው? ተወው አባዬ፣ ምንም አላጠፋም።»

«ደውዪልኝ።»

እጄ በዝገትና በካትራም ተለውሶ ስለነበር ስልኩን ራሷ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። አያያዟ ልትነጥቀኝ የተዘጋጀች ይመስል ነበር። ሰውየው አነሳ፤ ድምፁ የወጣት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። «የአስተማሪዋ አባት ነኝ። ያቺ አሮጌ መኪና ቀዳዳዎቿ ተደፍነዋል ብለሃት ነበር።»

«አዎ ጋሼ፣ ትዝ ይለኛል።»

«ልክ ነበርክ። የደፈንኳቸው እኔ ነኝ።»

በጨዋ ደንብ፣ ያጋጥማል ጋሼ አለኝ፤ ላሜራ መለጠፍ አይበቃም፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ብረት ሳታስቀይሩ እንዳትለቋት ብሎ አሳሰበኝ። እሺ አልኩት። ከእኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ መካኒክ ሲመክረኝ እሺ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልሞትኩም። ልጄ ጓደኞቿን ይዛ በአውቶቡስ እንድትመለስ፣ መኪናዋም እዚህ እንድትቀር ነገርኳት።

ስልኩን ዘግታ ኪሷ ከተተች። እንደምትወጣ ጠብቄ ነበር፤ አልወጣችም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከጎኔ፣ እዚያው ቆሻሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ሌላም ያልነገርኩህ ነገር አለ።»

ምን እንደሆነ ሳላውቅ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ንገሪኝ» አልኳትና ዝም ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ።