የአንድ እግር ስፌት

ፀጉር ቤቷንና የልብስ ሰፊውን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ድሮ ከወዲያ በኩል የሚመጣው የስፌት መኪና ድምፅ እንደ ዝናብ አንድ ወጥ ስለነበር ደንበኞቿ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር እንደተቀመጡ ያንቀላፉበት ነበር። አሁን ግን ይሮጣል፣ ይቆማል፤ ይሮጣል፣ ይቆማል። ሽማግሌው የሚረግጡት በግራ እግራቸው ብቻ ነዋ! ቀኙን የሰበረው የእሷ ባል ነው።

ባሏን ሰፈሩ "ቀስ በል" ይለዋል። የዳቦ መኪናውን ሲያበርር "ኧረ ቀስ በል" እየተባለ ስሙ ሆኖ ቀረ እንጂ ምክሩንስ አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? መጀመሪያ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተቀጣ። አምና ደግሞ ጠጥቶ ልብስ ሰፊውን ገጨ። ሽማግሌው በክራንች ፍርድ ቤት ቀርበው "ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ፤ እሷም "ሲጠጣ ቁልፉን እኔ እይዛለሁ" ብላ ቃል ገባች፤ ቅጣቱ ቀለለለት።

ይኸው ሦስተኛው። ማንንም አልገጨም፤ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ትንፋሹን ለካውና አበቃ። ቁልፉን ማን ሰጠው? እሷው ናት። "አንቺዬ፣ ቅርብ ነው፣ ደርሼ ልምጣ" አላት። አፉ ይሸት ነበር። ጭቅጭቁ ስለሰለቻት እያወቀች ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግድግዳው ወዲያ ስፌቱ በቆመ ቁጥር ልቧ አብሮ ይቆማል። ያን ቀን መንገድ ላይ ማን ይሆን የነበረው እያለች የሰው ፀጉር ይዛ ትፈዛለች።

ጠበቃ ያዙ። ጠበቃው ነገር የማያስረዝም ሰው ነው።

"ሦስተኛ ጊዜ ነው እህቴ። እስር አለበት፣ መንጃ ፈቃዱም ሊሰረዝ ይችላል። ዳኛዋ እንዲራሩ ልብስ ሰፊው እንደ አምናው ቀርበው ይናገሩለት። እርስዎም ቁልፉን እይዛለሁ ብለው ቃል ይግቡ።"

"አምናም ገብቼ ነበር እኮ።"

"እንደገና ይገባሉ" አለና እስክሪብቶውን ከደነ።

ቤት ሲደርሱ ባሏ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። "አታሳስሪኝ" አላት።  ትወደዋለች፤ ምን ታድርግ?

በማግስቱ የባሏን ኮት ይዛ ወደ ጎረቤት ገባች። "ጋሼ፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ያስፉልኝ።"

"ለፍርድ ቤት ነው?" አሉ ሳትነግራቸው። አምናም ያሰፉት እሳቸው ነበሩ። ኮቱን ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። "የነበረውን ሁሉ አምና ለቅቄዋለሁ ልጄ። ከዚህ በላይ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም።"

ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲናገሩለትም ለመነቻቸው። ኮቱን አጥፈው መለሱላት። ከዚያ "እሺ፣ እመጣለሁ" አሉ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

በቀጠሮው ቀን ባሏ ሆዱ ላይ ቁልፉ በማይገጥም ኮት ዳኛዋ ፊት ቆመ። ልብስ ሰፊው ገና አልደረሱም። ጠበቃው ስለ ትዳሩና ስለ ጸጸቱ አሳምሮ ተናገረና ወደ እሷ ዞረ። ዳኛዋም "የመኪናውን ቁልፍ እርስዎ ይይዛሉ?" ብለው ጠየቋት።

ይሄኔ ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ። ክራንቹ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል፤ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል። ያው የግድግዳው ስፌት ነው፤ እዚህም ድረስ ተከትሏት መጣ። 

"አልይዝም" አለች። "ከለመነኝ እሰጠዋለሁ። ያን ቀንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ጠበቃው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። "ምን በደልኩሽ?" አለ ባሏ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።  ፍርዱ እስር ሆነ፤ መንጃ ፈቃዱም ተሰረዘ።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ላብ አጥምቋቸው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ አለቀ። በከንቱ አደከምኩዎት።"

ክራንቻቸው ላይ ተደገፉ። "እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው እኮ የመጣሁት። ጎረቤቴ ነሽ፤ ምን ልበልሽ? የባልሽ መኪና ሞተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ግን ስፌቴን አቁሜ ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ።"

ለካ ስፌቱ የሚቆመው በእግራቸው ምክንያት ብቻ አልነበረም። ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ቀስ እያለች አወረደቻቸው። ከኋላ ባሏ ስሟን ይጠራ ነበር።