ሁለት ሰው ያጠፋው ሻማ

የታቢታ አፍ ሥራ አይፈታም ነበር። ጎረቤቶቿ «ምላሷ ቀድሟት ነው የተወለደው» ይሏታል። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ጥላ፣ እናቷ ፅጌ አዋሳ ፒያሳ ባላት ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች።

በደርግ ዘመን በአንዱ ክረምት የጎረቤታቸው የወይዘሮ ተዋበች ልጅ፣ ደረሰ የሚባለው፣ ከቡልጋሪያ መጣ። መንግሥት ልኮት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የቴአትር አጻጻፍ ያጠናል። ለመመረቅ አንድ ቴአትር ጽፎ፣ በሕዝብ ፊት አሳይቶ፣ ማስረጃ ይዞ መመለስ አለበት።

«ለቴአትርም ዲግሪ አለው?» አለችው ታቢታ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። «እኛ ሰፈር እኮ በነፃ ነው።»

ደረሰ ሳቀና ከጻፈው አንድ ገጽ አነበበላት። «አስተማሪዬ ሰዎችህ መግለጫ ያነባሉ እንጂ አያወሩም ይለኛል።»

«እውነቱን ነው፣ ጋሽ ደረሰ። ሴትዮዋ ሽሮ እያቀረበች ባሏን ጓድ ትለዋለች እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየሄደች ሰው እንዴት እንደሚያወራ ታወራለታለች፤ እሱ ይጽፋል። ውጭ አገር የተማረ ሰው አፍ አፏን ሲያያት ልቧ አበጠ። ወሬ ሲያልቅባት የማይነገረውን ነገረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነታቢታ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ተደብቀው ይሰበሰባሉ። ቀበሌ ቢመጣ ልደት ነው እንዲባል ጠረጴዛው ላይ ኬክና ሻማ ይቀመጣል። ኬኩ አይቆረስም፤ ለሚቀጥለው እሑድ ይፈለጋላ። አንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ ግን የማን ልደት እንደሆነ ሳይነጋገሩ ቀርተው፣ ሽማግሌው አቶ ወንድሙና አንዲት አራስ እኩል ተነሥተው ሻማውን እፍ አሉት። ያንኳኳችው ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ነበረች።

ታቢታ ይህን ያወራችው «ሻሸመኔ ያሉ ሰዎች ናቸው አሉ» ብላ ነው። ለምን እንደተደበቁም አልነገረችውም። ደረሰ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሷም ኮራች።

የቀበሌው ኪነት ቡድን የደረሰን ቴአትር መለማመድ ሲጀምር ልታይ ወደ አዳራሹ ሄደች። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ኬክ አለ፤ ሻማ አለ። ደረሰ የተደበቁትን ሰዎች ቁማርተኞች አድርጓቸዋል። በር ተንኳኳ፤ ሁለት ሰው ተነሥቶ እፍ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሰፋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄን የት አየኸው?» አለው ደረሰን።

«ፈጠራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጎበዝ» አለ ጓድ አሰፋ፤ ዓይኑ ግን ኬኩ ላይ ነበር።

ታቢታ ከአዳራሹ ወጣች። ደረሰን ውጭ ጠብቃ ያዘችው።

«ጋሽ ደረሰ፣ ያችን ልደት ከቴአትሩ አውጣት።»

«እሷንማ አልነካትም። አስተማሪዬ የሚወድልኝ እሷን ብቻ ነው።»

«ሻሸመኔ አይደለም፤ እኛ ቤት ነው።»

ደረሰ ወደ አዳራሹ በር ዞር ብሎ አየ። «አሰፋ አንብቦ ማኅተም አድርጎበታል» አለ። «አሁን ባወጣው ለምን ይለኛል። ምን ልበለው?»

ታቢታ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሮጠች።

ለእናቷ ስትነግራት ፅጌ እጅጌ እየሰፋች ነበር። የስፌት መኪናውን አላቆመችም። እጅጌውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ሌላ ለማን ነገርሽ?» አለች።

«ለማንም።»

«እሺ።»

ብትገርፋት ይሻላት ነበር።

ቴአትሩ በታየ ዕለት ፅጌ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት፣ ከጓድ አሰፋ አጠገብ ተቀመጠች። ሻማው ሲጠፋ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የፅጌ ሳቅ ነበር፤ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ጓድ አሰፋ ዞር ብሎ ፊቷን አየ።

«ወደዱት፣ ወይዘሮ ፅጌ?»

«ገደሉኝ እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይቺ ቁማር ስንቱን ታሳብዳለች?»

እሱም አብሯት ሳቀ። ከኋላ የቆመችው ታቢታ እናቷ እንዲያ ስትስቅ ሰምታ አታውቅም። ጆሮዋን መድፈን ፈለገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፅጌ «መንጋጋዬን አመመኝ» አለች።

ደረሰ ማስረጃውን ይዞ ሄደ። በኋላ ወይዘሮ ተዋበች «ልጄ በማዕረግ ተመረቀ» ብለው ሲያወሩ ታቢታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከቴአትሩ በኋላ ባለው እሑድ እነታቢታ ቤት ለጸሎት ማንም ሳይመጣ ዋለ። የሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። ሰንብቶ አንድ እሑድ ፅጌ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሥሩ መጽሐፍ ቅዱሷን ሸጉጣ ተነሣች።

«የት ነው፣ እማዬ?»

«አንዲት ሴትዮ ታመው ልጠይቅ።»

«ማን ናቸው?»

«አታውቂያቸውም።»

አዋሳ ውስጥ ፅጌ የምታውቀው፣ ታቢታ የማታውቀው ሰው የለም። መልሱ ለቀበሌ የሚሰጥ ዓይነት መልስ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ጥያቄ የማያስከትል። ታቢታ የእናቷን ዓይን ፈለገች፤ ፅጌ ጫማዋን እያየች ነበር።

«እግዜር ይማራቸው በይልኝ» አለች ታቢታ፣ በሩንም ከፈተችላት።