ሦስቱም «አንድም» አሉ

ሶስና መልእክቱን ስታነብ ደሟ ፈላ። «የሦስታችሁ መልስ አንድ ነው። ኮርጃችኋል፤ ዜሮ።» የላኩት አዲስ አበባ ተቀምጠው የሰብል እንክብካቤ ኮርሱን በኢንተርኔት የሚያስተምሩት መምህር ዓለምነው ናቸው። ይህን ኮርስ ካላለፈች፣ ደብረ ታቦር ያለው የገበሬዎች ማኅበር ሊሰጣት ቃል የገባላት ሥራ ከእጇ ይወጣል።

ኩረጃ! ወይ ጉድ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አብራት የምትማረው ጌጤ ከገሳይ ከተማ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ሌላው ተማሪ ዲያቆን ሄኖክም ይደርሳል፣ ሦስቱ ሶስና ቤት አንድ ስልክ ከበው ይቀመጣሉ። ትምህርቱን ሰምተው ሲያበቁ ስልኩ ይዘጋል። ተራው የደረሰው ያስረዳል፤ ሁለቱ እንደ ባላጋራ ይሞግቱታል። ዘዴው ሄኖክ ከአብነት ትምህርት ቤት ይዞት የመጣ ነው። ከእሱም አንዲት ቃል ተጋብታባቸዋለች። በትርጓሜ ቤት አንድ ፍቺ ተሰጥቶ ሌላ ሲጨመር «አንድም» ይባላል። ፈተናውን በየቤታቸው፣ ለየብቻቸው ሲጽፉ ሦስቱም «አንድም» እያሉ ምክንያት ደረደሩ፤ መምህሩም የኩረጃ ማስረጃ አድርገው የያዙት ይህችኑ ነው።

ሶስና ጓደኞቿን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችና በቪዲዮ ደወለች።

«ዋናዋ ጸሐፊ አንቺ ትመስይኛለሽ» አሉ መምህሩ። «እመኚና አንቺን ላሳልፍሽ።»

ጌጤ አንገቷን ደፋች። ሶስናም፣ እውነቱ ይነገርና፣ ለአፍታ ሥራው ታያት። ወዲያው በራሷ አፈረች።

«ያላደረግሁትን አላምንም! ይጠይቁን፤ አንዳችን ካቃተን ሁላችንም እንውደቅ።»

«እሺ። ያቺ ያቀረቀረችው ትመልስ። ለጋ ገብስ ለምን ቢጫ ይሆናል?»

መልሱ ሶስና አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ሲታፈን» አለች ጌጤ። «አንድም አፈሩ ናይትሮጅን ሲያጣ።» ከዚያ ቀና አለች። «አንድም ውርጭ ሲመታው። ይህችን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኳትም፤ ሄኖክ ሞግቶ ረትቶኝ ነበር። እኔ ግን አሁንም ነው እላለሁ!»

«አይደለም እኮ!» አለ ሄኖክ ፈተና ላይ መሆናቸውን ረስቶ። «ውርጭ ያሳርረዋል እንጂ ቢጫ አያደርገውም!»

«ቀለል ብሎ ሲመታውስ?»

ሁለቱ በክርክር ተያያዙ። መምህሩ ክርክሩን ለመስማት ወደ ካሜራው ተጠጉ።

«በተኮረጀ መልስ እንዲህ የሚጣላ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «የሦስታችሁንም ውጤት እመልሳለሁ። ከእንግዲህ ግን ለየብቻችሁ አጥኑ።»

«ስለ ውጤቱ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መምህር» አለች ሶስና። «ለየብቻ ማጥናቱን ግን አናደርገውም።»