ሁለት ክዳን መድኃኒት

ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጡላት የስፌት ቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ተሳስተውም አይደል። ስትበላ ትጣደፋለች፣ ስትሰፋ ትጣደፋለች፣ ስትስቅ እንኳ የሌላው ሳቅ ሳይጀመር የእሷ ያልቃል። አትክልት ግን ይህን ጠባይ አይወድም። የመጀመሪያውን የቆስጣ ዘር ሙሉ ጣቷን አስገብታ ቀበረችው፤ እዚያው ቀረ። ሁለተኛውን ታቹ ባልተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ዘራችው፤ በውኃ ተጥለቅልቆ በሰበሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። በሦስተኛው ሰው ጠየቀች። ባልዲዎቹን በጋለ ምስማር በሳች፣ ቤት ከሚሠራበት ቦታ አፈር ለምና ተሸከመች፣ የድንች ልጣጭ ቀበረችበት፣ ዘሩንም ከላይ ነስንሳ አፈር አለበሰችው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰው በጎኑ በሚያልፍባት በረንዳ፣ ሰባት ባልዲ ቆስጣ ቆመላት።

ከዚያ ክሽክሽ ወረደበት። ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ አረንጓዴ ነፍሳት ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ወዙን ይመጠዋል። ሙሉ ጠርሙስ የተባይ መድኃኒት ከአቅሟ በላይ ሆነ። ዘር ሻጩ አዘነላትና «ዕቃ ካመጣሽ ትንሽ ልቅዳልሽ» አላት። ያገኘችው ዕቃ የአማቷ የሳል ሽሮፕ ያለቀበት ጠርሙስ ነበር። አጥባ ወሰደችው። ሻጩም «ሁለት ክዳን ለአንድ ባልዲ ውኃ፤ ቅጠሉን እየገለበጥሽ እርጪ። ከረጨሽ በኋላ ሁለት ሳምንት እንዳትበዪው» አላት። ነገ ከሥራ ስመለስ እረጨዋለሁ ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። በዚያው ምሽት በረንዳው ላይ ቆማ ለእህቷ በስልክ የክሽክሹን በደል አንድ በአንድ ዘረዘረችላት።

አማቷ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው «ብቻዎን አይሆንም» ብሎ አመጣቸውና፣ እሱ የጭነት መኪናውን አስነስቶ እንደ ልማዱ ለሳምንታት ጠፋ። አራት ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ እሷና እሳቸው ብቻ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዝም ማለት ይወዳሉ፤ ጥድፊያ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ያኮረፋት ይመስላታል። ስለዚህ በእሷ በኩል «አባባ፣ ይብሉ»፣ «አባባ፣ ይተኙ»፤ በእሳቸው በኩል ራስ መነቅነቅ። በየጠዋቱ ስትወጣ ከበሩ ላይ ሆና የምትጮኸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

«አባባ! መድኃኒቱን እንዳይረሱ! መስኮቱ ላይ ነው! ሁለት ክዳን!»

ዛሬም ጠዋት ጮኻ ወጣች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክምር አጠገቧ ተቆልሎ ሳለ፣ መቀስ ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ሰደደች። እጇ ጠርሙስ ነካ። አወጣችው። የሳል ሽሮፕ ነው፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ቀርቶታል። በመመለሻዋ ለፋርማሲው አሳይታ ሌላ ልትገዛ ጠዋት ራሷ ናት ከመስኮቱ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው። እንግዲያው መስኮቱ ላይ የቀረው የቱ ነው?

ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ነው። ክዳኑ አንድ ዓይነት ነው። የወረቀቱ ምልክት እንኳ አልተላጠም። «ሁለት ክዳን» ያለችው ደግሞ ራሷ ናት።

ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። የጎረቤት ስልክ አንድም አልያዘችም፤ ለሰላምታ ጊዜ የሌላት ሴት ስልክ ቁጥር ከየት ታመጣለች? ባሏ መንገድ ላይ ነው። ቢያነሳስ ምን ልትለው ነው? አባትህን መርዝ አጠጣኋቸው?

«ወዴት ነው?» አለቻት የፈረቃው ኃላፊ። «ትዕዛዙ እኮ ዛሬ ነው የሚወጣው።»

«አባባ!» አለች ጥድፊያ። የጣት ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች።

አውቶቡሱ ተጎተተ። አንድ ፌርማታ ላይ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢላቸው እስኪሳፈሩ ሹፌሩ ቆሞ ጠበቃቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ደግ ሰው ትለው ነበር፤ ዛሬ አንገቱን ብታንቀው ደስ ባላት። ከሁሉ የከፋው ግን በልቧ የሚመላለሰው ነገር ነበር። ባለፈው ወር፣ እሳቸው ሌሊቱን ሲያስሉ አድረው እንቅልፍ ባጣች ጊዜ፣ «እግዜር ሆይ፣ ወይ ለእሳቸው ወይ ለእኔ እረፍት ስጥ» ብላ ነበር። ማንም አልሰማትም። ራሷ ግን ሰምታለች። አሁን ያቺ ቃል ተመልሳ መጣችባት። ሁለት ፌርማታ ሲቀር መኪናው ጨርሶ ቆመ። ወረደችና እግሬ አውጪኝ አለች።

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። በሩ ተከፈተ።

ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን። ጺማቸውን ተላጭተዋል። ስልካቸው በደረቱ ተደፍቷል። ፊታቸው ጠርሙሱ አለ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ ትንሿ ብርጭቆ፣ ብርጭቆዋ ውስጥ ቢጫ ነገር። ጠዋት ከድና የተወችላቸው ቁርስ አልተነካም።

«ጠጡት?» አለች። «አባባ፣ ጠጡት ወይ?»

«ገና ነኝ» አሉ።

ብርጭቆዋን ነጥቃ፣ ጠርሙሱንም ይዛ ወደ ኋላዋ ሸሸች። ገና አለመጠጣታቸውን ሰማች፤ በሩንም ተደግፋ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብሎ ያች ቃል ገባቻት።

«ገና ማለት ምንድን ነው?»

«አርባ ዓመት የሰዓት ሆድ በቤንዚን ሲታጠብ ያሸተተ አፍንጫ ነው ያለኝ» አሉ። «ሳልቀዳው ነው ያወቅኩት። እያሰብኩበት ነበር።»

«መርዝ መሆኑን አውቀው ቀዱት?»

«ትናንት በስልክ ስታወሪ ሰማሁሽ። ጆሮዬ መስማት ያለበትን ነው እንጂ የማይሰማው፣ ያንንማ አጥርቶ ሰማው።» ከጠረጴዛው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። «‹አሁንስ አንገሸገሹኝ› አልሽ። ‹ሳልጠራቸው መጥተው ቤቴን ወረሱት፤ የለፋሁበትን በልተው ጨረሱ› አልሽ። ‹መድኃኒት ገዝቼላቸዋለሁ፤ ሁለት ክዳን ይበቃቸዋል፤ ከነገ ወዲያ እገላገላቸዋለሁ› አልሽ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከበሩ ላይ ሆነሽ፣ ሁለት ክዳን አልሽኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የተናገረችው እያንዳንዱ ቃል የራሷ ነው፤ አንዱንም ልትክድ አትችልም። አንድ በአንድ ስታስታውሳቸው ሁሉም እኚህ ፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ ላይ ልክክ አሉ። ቤቷ የመጡት እሳቸው። የምታበላቸው እሳቸው። መድኃኒት የምትገዛላቸው እሳቸው።

እጃቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። በሕይወቷ አማቷን ነክታ አታውቅም። በረንዳው ላይ አውጥታ አንዱን ትልቅ ቅጠል ገለበጠችና አፍንጫቸው ሥር ያዘችው።

«እነዚህን ነው! እነዚህን ነው ያልኩት!»

ሰዓት ሠሪው ከኮታቸው ኪስ የሥራ መነጽራቸውን፣ ያቺን ዓይን ላይ የምትሰካውን አወጡና ጎንበስ አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ክሽክሾቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ቅጠሉን ይመጣሉ።

«እነዚህን ነው አንቱ ያልሻቸው?»

«ምን ቆርጦኝ አንቱ እላቸዋለሁ! ብዙ ስለሆኑ ነው እንጂ!»

«እኔ ግን አንድ ሰው ነኝ» አሉ።

ሳቋ መጣ፤ ግን እንባዋ ቀደመው። መሬት ላይ ከባልዲዎቹ መካከል ዘጭ ብላ አለቀሰች። የሚያስለቅሳት የክሽክሹ ነገር አልነበረም። ትገድለኛለች ብሎ ማመን ቀሏቸው ነበር፤ ያ ነው የቆረጣት። አራት ወር አብረው ኖረው እንዲህ ከሚያስቧት፣ ቢሰድቧት፣ ቢያማርሩባት ይሻላት ነበር።

«እሺ፣ ሰሙ፤ አመኑ። ታዲያ ለምን ለልጅዎ አልደወሉም? ለምን አይወጡም፣ አይጮኹም?»

«ስልኩን አንስቼ ነበር። ምን ልበለው? ብነግረው ትዳራችሁ ይፈርሳል። እናንተ ገና ናችሁ፤ እኔ የምጠብቀው የለኝም። ቤቴ ሄጄ እንዳልቀመጥ ቤቴ ተሽጧል።» «ደሞ አሰብኩ፤ ይቺ ሴት እዚህ ከደረሰች፣ እኔም ያስመረርኳት ነገር አለ ማለት ነው አልኩ።»

ጥድፊያ ተነሳች። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ ከማይደረስበት ቆጥ ላይ ሰቀለችው፤ ብርጭቆዋን ግን ዳግመኛ ሰው አይጠጣባትም ብላ ጣለቻት። ከዚያ ክሽክሽ ካልበዛበት ባልዲ እፍኝ ቅጠል ቆረጠች። የመጀመሪያው ምርቷ ነው። አንድ በአንድ እየገለበጠች በጨው ውኃ አጠበችው። በሽንኩርት አብስላ፣ ከዳቦ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በዚህ ሁሉ አንድም አልተጣደፈችም።

እሳቸው ሳህኑን አዩ እንጂ እጃቸውን አልዘረጉም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከእጇ ምንም እንዳልቀመሱ ያኔ ገባት። ዳቦ ቆረሰች፣ ቆስጣውን ጠቀለለችበት፣ እያዩዋት ወደ ገዛ አፏ ልታስጠጋው ስትል ሰዓት ሠሪው የእጇን አንጓ ያዙ።

«አትቅመሺልኝ።»

«እርግጠኛ እንዲሆኑ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አትቅመሺልኝ።» እጇን አልለቀቁም። «አንቱ ማለቱንም ተይው። ልጄ አንተ ነው የሚለኝ።»

«እንዴት አድርጌ? አፌ እሺ አይለኝም፣ አባባ።»

«ይለምዳል።»

ጉርሻው በእጇ እንዳለ ቆመች። «ይብ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ትንፋሽ ወሰደች፤ ፊቷ ጋለ።

«ብላ» አለችው።

አፉን ከፍቶ ከእጇ ጎረሰ።