የግራ እጅጌ

የባሌን ታላቅ እህት ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል፤ ያልሰማችውንም ጭምር ታወራለች። እህቴ በማህፀን በር ካንሰር ስትሞት፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ «መቼስ ባለጌ ካልሆኑ አይመጣም» ያለችው እሷ ናት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

ዘንድሮ የዚያው በሽታ መከላከያ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ድረስ ሲመጣ፣ «ያመክናል!» እያለች በየበሩ ዞረች። ባሌ የእህቱ ቃል ከሐኪም ቃል ይበልጥበታል፤ ለልጃችን አልፈርምም አለ። የፈቃድ ወረቀቱ የሁለታችንን ፊርማ ይጠይቃል። ከታቢዎቹ ደግሞ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጠዋት ራዲዮ ልጇን ለዩኒፎርም ልታስለካ ይዛት መጣች። የእጅጌውን ስፋት ልወስድ ሜትሬን ግራ ክንዷ ላይ ሳዞር ልጅቷ ዘለለች።

«ኧረ ቀስ! ትናንት የተከተብኩበት ነው።»

«የምን ክትባት?»

«የሴቶቹን ነዋ! እማዬ ክሊኒክ ወስዳኝ…»

እናቷን ሳል ያዛት።

መቀሱ እጄ ላይ ነበር። እጅጌውን እስከ ትከሻዋ አሳጥሬ ፕላስተሩን ለሰፈር ላሳይ አማረኝ። ግን ልጅቷ ምን አጠፋች? ወደ ትምህርት ቤት ሸኘኋትና በሩን ቆለፍኩ።

«እትዬ፣ የኔን ልጅ የሚያመክን መርፌ ያንቺን አያመክንም?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው በድብቅ ያስከተብኳት፤ ያንን ያወራሁትም እንዳይጠረጥሩን ነው… ልጄን ባለጌ እንዳይሏት።»

«እህቴን እንዳልሻት?»

 ባሌ ጋ ደውዬ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ወንድሜ፣ ፈርም» አለች እያለቀሰች። «የኔም ተከትባለች።»

ባሌ ከሥራው ሮጦ መጥቶ ፈረመ። ቀና ብሎ ሊያየኝ እንኳ አልቻለም። እኔ ግን አልበቃኝም። ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱ አስረክቤ፣ ራዲዮን ክንዷን ይዤ በሩ ላይ፣ እሷው ያስፈራራቻቸው እናቶች ፊት አቆምኳት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት አወራች። አንዷ ሰደበቻት፤ ሌሎቹ ተፈርሞ በፍርሃት ያስቀሩትን ወረቀት ከቦርሳቸው እያወጡ ወደ ውስጥ ሮጡ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ልጄ ግራ ክንዷን ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ነው ያመመኝ።»

እህቴን ስንት ወር እንዳመማት አስታወስኩ። ራዲዮ እንባዋን ጠርጋ ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ያዝኳት። ሁለት እናቶች ከታች እየመጡ ነው።

«እነሱ አልሰሙም» አልኳት። «ድገሚው።»