ሎሬታን የሚጋርድ መጋረጃ

ፊሎሚና ፓይክና ሎሬታ ቶቢን የሚኖሩት ፊት ለፊት ነው። የኛ መንገድ ጠባብ ነው። የሴንት ጆንስ ዳገት ላይ የእንጨት ቤቶቻችን ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ አንዱን ብትነቅለው የቀሩት ተያይዘው ወደብ የሚገቡ ይመስላል። የፊሎሚና ሳሎን መስኮትና የሎሬታ ሳሎን መስኮት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ሁለቱ ሴቶችም ከሙሽርነታቸው ጀምሮ በነዚህ መስኮቶች ሲነጋገሩ ኖረዋል። ሎሬታ ጠዋት ኩባያ ከፍ ካደረገች «ሻይ ፈልቷል፣ ነይ» ማለት ነው። ፊሎሚና የሳህን ጨርቅ ካራገፈች «እንግዳ አለብኝ፣ ቆይ» ማለት ነው። የሎሬታ ባል የሞተ ሰሞን ፊሎሚና የሳሎኗን መብራት ሳታጠፋ ነበር የምታድረው። ሎሬታ ብንን ስትል ፊት ለፊቷ ጨለማ እንዳይጠብቃት ብላ ነው።

እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች በኬክ ተጣሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የመከር ወቅት የኬክ ሽያጭ ነበር። ፊሎሚና እንደ ወትሮዋ የዘቢብ ኬኳን ይዛ መጣች። ሎሬታ ጠረጴዛው ጥግ ቆማ ለወይዘሮ ክሮከር፣ «የፊሎሚናን ኬክ ከገዛሽ ሻዩን አብዝተሽ አፍዪ፤ ያለ ሻይ አይወርድም» አለቻት። ፊሎሚና ኮት መስቀያው ጋ ሆና ሰማች። ኬኳን ከነሳህኑ አንስታ፣ ኮቷን እንኳ በቅጡ ሳትቆልፍ ወጣች። በማግስቱ ሎሬታ ኩባያዋን ከፍ ብታደርግ ከወዲያ መልስ የለም። ክንዷ እስኪዝል ድረስ ከፍ አድርጋ ቆየች። እኔ የሎሬታ የጎን ጎረቤት ነኝ፤ ደጄን እየጠረግሁ አይቻታለሁ።

ፊሎሚና ያን ዕለት ባሏን አምብሮዝን ጠራችው። አምብሮዝ ዕድሜውን በመርከብ ሞተር ክፍል ያሳለፈ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሞተር ሲያጉረመርም ሕመሙን ያውቃል፤ ሚስቱ ስታጉረመርም ግን ግራ ይገባዋል።

«ያንን የዳንቴል መጋረጃ አውርድልኝ» አለችው። «ብላይንድ እፈልጋለሁ። እየተጠቀለለ የሚወጣውን፣ ሲወርድ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋውን።»

«ዳንቴሉ ምን አጠፋ?»

«ያሳያል።»

«መስኮት ነዋ፣ ሊያሳይ ነው እንጂ!»

«አምብሮዝ፣ ሰው ያሳያል!»

ይሄኔ ገባው። ሜትሩን ፍለጋ ወረደ።

መስኮት ሲለካ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ተለክቶ ትንሹ ነው የሚያዘው። አምብሮዝ ይህን የተማረው በኋላ ነው። እሱ መሰላል መውጣት ሰልችቶት ከታች ብቻ ለካና ሱቅ ሄዶ በልኩ አዘዘ፤ ሳምንት ቆይቶ ተቆርጦ ደረሰለት። የኛ ሰፈር ቤት ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ ወደ ቁልቁለቱ ሲያጋድል የኖረ ነው፤ መስኮቱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሏል። ነጩን ብላይንድ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ብላይንዱ በክፈፉ ውስጥ እስከ መሃል በሰላም ሄደና እዚያ ላይ ቀጥ አለ። ገፋው። እንጨቱ ሲጢጥ አለ።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለች ፊሎሚና ከማድ ቤት። ሎሬታን ላለማየት ብላ ሳሎን መግባት አቁማለች።

«እየገባ ነው!» አላት።

አልገባም። ተቆርጧልና ሱቁም አይመልሰውም። አምብሮዝ አሰበና፣ በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በሳሎኑ በኩል፣ በክፈፉ ፊት ላይ ሊሰቅለው ወሰነ። መያዣ ብረቶቹን በቪቴ አሰረ፣ ብላይንዱን አንጠለጠለ፣ በኩራት ውሃ ልኩን አስቀመጠበት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ከመሰላሉ ወርዶ ሲያየው ግን ብላይንዱ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው መስሏል። ብላይንዱ ቀጥ ብሎ፣ ቤቱ ነው የተንጋደደው። ሆኖም ቤቱን ማንም ጠማማ ብሎት አያውቅም፤ ስንኖርበት ለምደነዋል። ጥፋተኛ የሚመስለው አዲስ የመጣው ነው።

ውሃ ልኩን ኪሱ ከተተና በዓይኑ ሊያስተካክል ተመልሶ ወጣ። መሰላል ላይ የቆመ ሰው ግን አፍንጫው ሥር ያለውን እንጂ ሌላ አያይም። ግራውን ዝቅ አደረገ፣ ቀኙን ከፍ አደረገ። በዚህ መካከል ቀና ሲል ከመንገዱ ማዶ ሎሬታ በመስኮቷ ቆማ አያት። አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች።

አምብሮዝ ወደ ማድ ቤቱ በር ገልመጥ አለ። ሰው የለም። ግራውን ትንሽ ከፍ አደረገ።

ሎሬታ ራሷን ነቀነቀች። በሁለት ጣቷ «ጥቂት፣ ጥቂት» አለችው። ጥቂት ጨመረ። እጇን ዘርግታ «በቃ!» አለችው። ቀጥሎ ወደ ቀኙ ጠቆመችና መዳፏን ቀስ አድርጋ አወረደች። አምብሮዝ ራሱን እየነቀነቀ ታዘዘ። ኋላ ሲያጫውተኝ፣ «ዶሪን ሙች፣ ከካፒቴን ትእዛዝ የምቀበል ነው የመሰለኝ። መርከብ ላይ እንኳ እንደዚህ ጥርት ያለ ትእዛዝ አግኝቼ አላውቅም» ብሎኛል።

«ለማነው ራስህን የምትነቀንቀው?»

ፊሎሚና እሱ ሳይሰማት መጥታ ከኋላው ቆማለች።

«ማን፣ እኔ? ለ… ለቪቴው።»

«ለቪቴው!»

አንገቷን አስግጋ በክንዱ ሥር አየች። ከማዶ ሎሬታ ሁለት እጇን ዘርግታ አውሮፕላን እንደሚያሳርፍ ሰው ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሎሬታ እጇን አላወረደችም፤ ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቶባት ነው መሰለኝ።

ፊሎሚና ሽርጥዋን እንዳገለደመች፣ በቤት ጫማዋ በሩን በርግዳ ወጣች። እኔ ቆሻሻ ላወጣ በሬ ላይ ነበርኩ፤ ከረጢቴን እንደያዝኩ ባለሁበት ቀረሁ።

«ሎሬታ ቶቢን! እጅሽን ከቤቴ አውጪ!»

ሎሬታ መስኮቷን ወደ ላይ ገፋችና ራሷን አወጣች። «እጄ ቤቴ ውስጥ ነው ያለው!»

«ባሌን እያዘዝሽ ነው!»

«አንቺ ትተሽዋል፣ ማን ይዘዘው ታዲያ? ሰውየው መስኮት ላይ ሲሰቃይ ዝም ብዬ ልይ?»

«አትይ! የሚሰቀለው እኮ እንዳንተያይ ነው!»

ከታች ከወደቡ አንድ መርከብ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ሎሬታ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አውቃለሁ ፊሎሚና። ለምን እንደሚሰቀል አውቃለሁ» አለች። ቀጥሎ ግን ድምጿ እንደገና ወጣ። «አንቺ ግን ከኋላው ነሽ፤ አይታይሽም። ፊት ለፊቱን እስክሞት የማየው እኔ ነኝ! ልትዘጊኝ ከሆነ ቀጥ አድርገሽ ዝጊኝ!»

ፊሎሚና ፊቷን አዞረች፤ ስታዞር ደግሞ ዓይኗ የገዛ መስኮቷ ላይ አረፈ። አምብሮዝ በመስታወቱ ውስጥ ብላይንዱን አቅፎ፣ ቪቴዎቹን በከንፈሩ ነክሶ ቆሟል።

«በስመ አብ» አለች ቀስ ብላ። «ምንድነው ያደረገው?»

«ምን አልኩሽ?» ሎሬታ መስኮቷን ትታ በበሩ ወጣች። «በግራ በኩል እኮ ወደቀ።»

«ግራው አይደለም፣ ቀኙ ነው ከፍ ያለው።»

«ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ስለወደቀ ነው ከፍ ያለ የሚመስለው።»

«አምብሮዝ! ግራውን ፈትተህ ከፍ አድርገው!» ሁለቱም እኩል ጮሁ።

አምብሮዝ በመስታወቱ ምክንያት ምንም አልተሰማውም፤ ጣታቸውን አይቶ ግን የግራውን መያዣ ፈታ። ብላይንዱ በቀኝ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ግራውን በእጁ ደግፎ ያዘ።

«አሁን በዛ፣ ዝቅ!» አለች ሎሬታ።

«ከፍ ነው እንጂ!» አለች ፊሎሚና። «ዶሪን! አንቺ በዓይንሽ ፍረጂ እስቲ።»

እኔ የቆምኩት ከነሱ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ነው። ያየሁትን ተናገርኩ። «ለኔ ወደ ቀኝ ነው ያዘነበለው» አልኩ።

«ወደ ቀኝ!» አለች ሎሬታ። «ሰማሻት?»

«መነጽር ግዢ የኔ እህት» አለችኝ ፊሎሚና። እርስ በርሳቸው በደህና ካልተነጋገሩ ሳምንት ያለፋቸው ሴቶች እኔን ለመስደብ በአንዴ ታረቁ።

ያን ጊዜ ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ዳገቱን መውጣት ጀመረ፤ ከጉሙም ጋር ያ የማይታይ፣ አጥንት የሚያረጥብ ካፊያ መጣ። ሎሬታ የፊሎሚናን እግር አየች።

«በዚህ ብርድ በቤት ጫማ! ግቢ።»

«ቤትሽ አልገባም።»

«ማን ለጉብኝት ጠራሽ? ከኔ መስኮት ነው በደንብ የሚታየው። አይተሽ ውጪ። አንቺም ነይ ዶሪን፣ ምስክር ሁኚ፤ ያንን ቆሻሻ ግን በሬ ላይ እንዳትተዪው።»

ፊሎሚና መጀመሪያ ደፉ ላይ ቆመች። ከደፉ የሷ መስኮት አይታይም። ወደ ሎሬታ መስኮት ተጠጋች። ቆማ ስታይ የሎሬታ ወንበር ጉልበቷን ነካትና ሳታውቀው ተቀመጠች። ሎሬታ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ሁለቱ ከመስኮቱ ሆነው እየተፈራረቁ አምብሮዝን በእጃቸው ያዝዙታል፤ ጉሙ ሲመጣ ይጠፋል፣ ጉሙ ሲገለጥ እዚያው ነው።

ሻዩ ሲቀዳ ፊሎሚና ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ «ደረቅ ነው ብለሻል» አለች።

«ብያለሁ።»

«ለወይዘሮ ክሮከር! እንደሷ ወሬ የሚነዛ የለም። ለኔ ነበር መንገር።»

«ለምን እነግርሻለሁ? እኔ ደረቁን ለምጄዋለሁ።» ሎሬታ ስኳሩን አቀረበችላት። «ስንት ዘመን በላሁት ፊሎሚና። አንድ ቀን ሳህን ላይ ፍርፋሪ አስቀርቼ አውቃለሁ?»

ፊሎሚና ማንኪያዋን እያዞረች ቆየች፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማዞሯን አልተወችም። ጥቂት ቆይታም አፍንጫዋን በሽርጥዋ ጠረገችና፣ «እናቴም ስትጋግር እንዲሁ ነበር። አባቴ ጥርሱ የረገፈው በሷ ኬክ ነው ይባላል» አለች።

ሎሬታን ሻዩ ትን አላት። ፊሎሚና ጀርባዋን ልትመታላት ተነሣች፤ እሷንም ሳቅ ያዛት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

አምብሮዝ በዚህ ጊዜ መሰላል ላይ ነው ያለው። መያዣ ብረቱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እጁ አይደርስበትም። ካቻቢቴው ወለሉ ላይ ወድቋል። ቪቴዎቹ አፉ ውስጥ ናቸው፤ ቢተፋቸው ከሶፋው ሥር ይገባሉ። የያዘውን ቢለቅ ቀኙ ተገንጥሎ መስታወቱን ይዞት ይወርዳል። ከማዶ ሦስት ሴቶች ሲስቁ ያያል። ነፃ የሆነውን እጁን አወዛወዘ።

«ውይ፣ ሰላም እያለን ነው» አለች ሎሬታ፤ አወዛወዘችለት።

አምብሮዝ በኃይል አወዛወዘ።

«ዛሬ ምን ነካው? ደስ ብሎታል» አለች ፊሎሚና፤ እሷም አወዛወዘችለት። ሎሬታ የዘቢብ ዳቦ ቆርጣ «ና፣ ብላ» ስትል በመስኮቱ አሳየችው። ይህን እንኳ ባታደርግ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው የአንድ እግሩን ጫማ አውልቆ በእግር ጣቶቹ ብረቱን ከሶፋው ላይ አነሣ። እንዴት እንዳደረገው እስካሁን አያስረዳም። ካቻቢቴ አልነበረውም፤ ቪቴውን በኪሱ ባገኘው ሳንቲም አጠበቀው። ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አልጠየቀም፤ እጁ በቆመበት አሰረው። ከዚያ ጉሙን አቋርጦ መጣ፤ ጢሙ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፣ ግራ ክንዱ አልታጠፍ ብሎ እንደ ዱላ ቀርቷል።

ሁለቱ ሴቶች በመስኮቱ አዩ። ሎሬታ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘነበለች፣ ፊሎሚና ወደ ሌላው።

«ጠማማ ነው» አሉ፤ በአንድ ድምፅ።

አምብሮዝ ወንበር ስቦ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠና ሻዩን በቀኝ እጁ ጠጣ።

ብላይንዱ እስካሁን እንደዚያው ነው። ፊሎሚና ብዙ ጊዜ ጠቅልላ ላይ ታደርገዋለች፤ ፀሐይ ሶፋዋን እንዳያነጣባት ካልሆነ አታወርደውም። ካወረደች ደግሞ ወዲያው ስልኩ ይጮኻል፤ ሎሬታ ናት፦ «ምነው፣ አመመሽ?»

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሎሬታ የአምብሮዝን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ «እኔስ? ለኔም ሳሎን እንደሱ ያለ ብትሰቅልልኝ ምን ይልሃል? ፊሎሚና ከወዲያ ታስተካክልሃለች» ስትለው ሰማሁ። አምብሮዝ ፈገግ ብሎ ሰማት። በማግስቱ ማለዳ ዓሣ ላጠምድ ብሎ ወደ ወንድሙ ዘንድ ወደ ደሴቱ ተሻገረ። መሰርሰሪያውን፣ ሜትሩንና መሰላሉን ይዞ ነው የሄደው።