የመሪጌታ ጠበልና የቴዎ ናሙና

ቴዎ ቦክሰኛ ነው። እሁድ አዲስ አበባ ላይ ለቀበቶ ይጋጠማል፤ አውሮፕላኑ ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ይነሣል። ጠዋት ሹም አቦ ሰፈር ያለውን የአባቱን ቤት በር መስዑድ አንኳኳ። መስዑድ ሳይጠሩት እየመጣ ሽንት የሚቀበል የአበረታች መድኃኒት መርማሪ ነው።

«ሕጉ ጠብቋል» አለ። «የሚመረመር ናሙና ሳትሰጥ ከሄድክ እምቢ እንዳልክ ይቆጠራል፤ አራት ዓመት ትታገዳለህ። እስክትሰጥ ድረስ ከዓይኔ አትጠፋም።»

ቴዎ ሳቀ። ከቫይታሚን እንኳ የሚሸሽ ልጅ ነው። ሽንቱም አላስቸገረውም፤ እንደ ዓባይ ወረደለት።

መስዑድ ጠብታ ወስዶ የሽንት ውፍረት በምታሳይ ትንሽ መለኪያ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቀጥኗል። ውሃ ነው ማለት ይቻላል።»

«ውሃ ከሆነማ ንጹሕ ነዋ» አሉ የቴዎ አባት፣ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ። «ምን ቀረው ታዲያ?»

«አባቴ፣ ከቀጠነ ላቦራቶሪው አይቀበለውም። ምን ያህል ውሃ ቢጠጣ ነው?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ውሃስ አላጠጣሁትም። መርማሪ በየቤቱ ይዞራል ሲሉ ሰማሁና ከዘጌ ጠበል አስመጣሁ። በባዶ ሆዱ ሦስት ጆግ። የሚወጣው ይውጣለት ብዬ።»

«አባባ፣ ምኑ ይወጣል? ምንም አልወሰድሁም እኮ።»

«ላልወሰደ ሰውስ ጠበል ይከፋዋል?»

ሁለተኛውም ናሙና ቀጠነ። መስዑድ ወረቀቱን ሲሞላ መሪጌታ ለማጽናኛ አንድ ብርጭቆ ጨምረው ነበር፤ የአባት እጅ ደግሞ አይመለስም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ቴዎ ውሃውን በላብ ሊያወጣ የላብ ማውጫ ላስቲክ ልብሱን ለበሰና ከመስዑድ ጋር በባጃጅ ወደ ጣና ወረዱ። ቴዎ የጎረቤት የደንገል ታንኳ ተዋሰ።

«ዋና አልችልም» አለ መስዑድ።

«እንግዲያ እዚህ ጠብቀኛ።»

«ከዓይኔ አትጠፋም ብያለሁ።»

«እንግዲያ ግባ።»

መስዑድ ሻንጣውን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። ከደንገሉ መሐል ውሃ ሰርጎ መቀመጫውን አራሰው። ቴዎ ቀዘፈ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ላቡ ግን ዳተኛ ነበር።

«ያ ድንጋይ ቅድም እዚያ ነበር?» አለ መስዑድ።

ድንጋዩ ጆሮውን አራገበ።

ቴዎ በሕይወቱ እንደዚያ ቀዝፎ አያውቅም። መስዑድም ሻንጣውን በጥርሱ ይዞ በሁለት እጁ ይቀዝፍ ጀመር። ጉማሬው አንዴ አዛጋና ሰጠመ፤ እነሱ ግን ዳር ደርሰው አሸዋው ላይ እስኪዘረጉ አላወቁም። ሲተያዩ ሳቅ ያዛቸው፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ሲመለሱ ሦስተኛው ናሙና መለኪያዋን አለፈ። መስዑድ ጠርሙሶቹን አሸገ። «እሁድ ከግጥሚያው በኋላም ናሙና ልቀበል አለሁ» አለ።

ይህን መሪጌታ ሰምተዋል። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የጠበል ጀሪካን ይዘው ቆመው ነበር። ጥበቃው ፈሳሽ አይገባም አላቸው።

«እንግዲያ እዚሁ ጠጣው፣ ልጄ።»

ከንፈሩ የደረቀው ቴዎ አብሮት ወደሚጓዘው መስዑድ ዞረ። መስዑድ በጣቱ ቀን ቆጠረ።

«እሁድ ገና ነው» አለ። «ይጠጣ።»